ሰው ያለበት ክፍል

አዲሱ ማሞቂያ ሰው ያለበትን ክፍል ብቻ ያሞቃል። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ነጭ ሴንሰር ሰው ሲገባ ታውቃለች፤ ወዲያው ለባልየው ስልክ ትናገራለች። ሲያስገጥመው ለሚስቱ ለስንዱ «እንዳይበርድሽ ብዬ ነው» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እንኳን ቤቷ ገብቶ አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ቢሮው ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ፣ ሁለት ክፍል ሰው አለበት ይላል፤ ሳሎኑና የእንግዳ መኝታ ቤቱ። ሚስቱ ግን አንድ ናት።

መኪናውን እንዴት እንደነዳ አያውቅም። ገብቶ ቃል ሳይናገር በጥፊ አላት። ስትወድቅ በጸጉሯ ጎትቶ አነሳትና ግንባሯን ከግድግዳው አጋጨው።

«ማነው እዚያ ውስጥ ያለው?»

አፏን በቡጢ መታት። ደሙ በአገጯ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ።

«ተናገሪ እንጂ! ባለፈው ክንድሽን ስሰብረው ሽማግሌ ፊት ከሰሽኝ፤ ምስክር አምጪ ቢሉሽ አጣሽ። ዛሬ ብገድልሽስ ማን ያምንሻል?»

ስንዱ ከመቀነቷ ቁልፍ ፈትታ ዘረጋችለት።

«ከፍተህ እይ» አለችው።

ቁልፉን ነጥቆ በሩን ከፈተው። ክፍሉ ሞቋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ባለፈው የዳኟቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። መሀል ያሉት አባቱ የጋቢያቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ያለቅሳሉ።