የመምሬ ዛፍ

ዝናሽ ችግኙን እንደታቀፈች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አልነቃነቅም አለች። ከእስያ ከመጣው ብርቅዬ የባሉጥ ዛፍ ዘር በደብረ ታቦር ችግኝ ጣቢያ የተረፈው ይህ አንዱ ብቻ ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ከመጥረቢያ የሚያስጥለው የለም።

«የውጭ ዛፍ አላስተክልም» አሉ ቄሱ፣ መምሬ ይሻው። «ባሕር ዛፉ ምንጫችንን መጦ አደረቀው።»

«ይኸ የመምሬ ዛፍ ነው፣ አባቴ።»

«የየትኛው መምሬ? እኔ ዛፍ የለኝም።»

«አብርሃም እንግዶቹን በጥላው ያሳረፈበት የመምሬ ዛፍ! የዚያ ዘመድ ነው።»

መምሬ ዶማ አምጥተው ራሳቸው ቆፈሩ። ዝናሽ ችግኙን አቁማ አፈር ልትመልስ ስትል እጇን ያዟት።

«ቆዪ እንጂ! እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ?» አሉና ውሃ አምጥተው ቀስ አድርገው ሥሩ ላይ አፈሰሱ።