በአንድ ፊደል

ወንበሩ መጥቷል፤ አባቴ ግን የለም።

ባለቤቴ የሾርባውን ድስት እንደያዘች ቆማ ወንበሩን ታያለች። የአባቴ መኝታ ክፍል ወንበር ነው። ትራሱ ተራግፎ፣ መደገፊያው ተወልውሎ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ልክ ገብቷል።

«አሁን እኮ ጠርቻቸዋለሁ» ትላለች። «‹እሺ ልጄ› ብለውኛል።»

ክፍሉን ከፍቼ አያለሁ። አልጋው ተነጥፏል። ካፖርቱ ከመስቀያው ላይ የለም፤ ባርኔጣውም የለም። ነጠላ ጫማው በሩ ስር ጎን ለጎን ተሰልፏል፣ ሰው ቤት ያደረ እንግዳ ሲሄድ እንደሚያስቀምጠው።

«ምን ብለሽ ነው የጠራሻቸው?» ትላታለች ለበዓሉ ከነባሏና ከነልጆቿ የመጣችው እህቷ። ቤተሰቡ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ አንዴ ከተከፈተች አትዘጋም።

«ምን እላለሁ? ‹አባባ ይምጡ› ነዋ!»

«የት ሆነሽ?»

«ወጥ ቤት። ሳህን እያጠብኩ።»

ሬዲዮ ድምጿን ትቀንሳለች፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ይምጡ» ትላለች ቃሉን ምላሷ ላይ እያገላበጠች። «ይምጡ… ይውጡ።»

ድስቱ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ይላል።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። የሽመና ማሽኖቹ ጆሮውን በልተውበታል። ፊት ለፊት ሲያናግሩት ከንፈር እያየ ይግባባል፤ ከጀርባው ከሆነ ግን ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከራሱ ይሞላዋል። ዛሬ በምን እንደሞላው ይገባኛል። ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች የፀደይ በዓሉን ምሳ ሲያሰናዱ «አንድ ወንበር ጎደለን፣ ምን ይሻላል?» ሲባባሉ እሱ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ያንን ከከንፈራቸው አንብቧል። የጎደለው እሱ ራሱ የሚቀመጥበት ወንበር መሆኑን ግን የነገረው የለም።

እናቴ አርፋ ብርዱ ሲገባ ነው ወደ እኛ የመጣው። ባለቤቴ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችበትም፤ ስለዚህም ስንቴ በልቤ እንዳመሰገንኳት እሷም አታውቅም። እኔ አባቴን አንተ ነው የምለው። እሷ ግን አንቱ ናት፦ ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይረፉ። እሱም ለአንድ ብርጭቆ ውሃ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል፤ ሳል ሲይዘው እንኳ ይቅርታ ይጠይቃታል። ሁለቱ ሲከባበሩ በመሃላቸው መኪና ያልፋል።

ጫማዬን ሳጠልቅ ክንዴን ትይዘኛለች።

«ተው። እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው፣ እኔው አስገባቸዋለሁ» ብላ መስኮቱን ትከፍታለች።

ከላይ ሆነን ግቢውን ቁልጭ አድርገን እናየዋለን። ከበሩ አጠገብ ያለው ዛፍ ነጭ አበባውን እያራገፈ ነው። አባቴ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ በሩ ይሄዳል። አላኮረፈም። አረማመዱ አውቶቡስ ውስጥ ለሴት ወንበር እንደለቀቀ ሰው ነው፣ ደስ እንዳለው ሁሉ።

«አባባ!» ትጣራለች ባለቤቴ። «ይምጡ! ኧረ ይምጡ!»

ዞር ይላል። ወደ ላይ ያያል፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ስለገባች ከንፈሯን ማየት አይችልም። ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳል።

«እየወጣሁ ነው ልጄ! እናንተ ብሉ!» ይልና እርምጃውን ያፈጥናል።

«ወይኔ ጉዴ» ትላለች ሬዲዮ፣ መሳቅም ማልቀስም አቅቷት። «ጭራሽ አባረርሻቸው!»

ባለቤቴ ከንፈሯን ትነክሳለች። አባቴ እጁን የግቢው በር መቀርቀሪያ ላይ ያሳርፋል። ያኔ እስከ ወገቧ በመስኮቱ ወጥታ፣ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ትጮሃለች፦

«አባባ፣ ና!»

ታች ምንጣፍ የምታራግፍ ጎረቤታችን ምንጣፏን እንደያዘች ቀና ትላለች።

«ና! አባባ፣ ና! ያላንተ አንበላም!»

«አንቺ! አማትሽን ‹ና›?» ትላለች ሬዲዮ አፏን ይዛ።

አባቴ መቀርቀሪያውን ይለቃል። ለረጅም ጊዜ ወደ መስኮቱ ያንጋጥጣል። «ና» አንዲት ፊደል ናት፤ ከራስ የሚሞላ ምንም የላትም።

ደረጃውን እያረፈ ሲወጣ እንሰማዋለን። ማንም ማንኪያ አያነሳም። በሩ ላይ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ትከሻው ላይ ነጭ አበባ ተበትኖበታል። ባለቤቴ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ወንበሩን ትስብለታለች።

«የጎደለን ወንበር እኮ ያንተ ነበር» እለዋለሁ ፊት ለፊቱ ቆሜ።

ከንፈሬን ያያል። «ታዲያ አምጥቼላችሁ የለ?» ይላል። የሬዲዮ ልጆች ይስቃሉ፤ እሱም አብሯቸው።

ባለቤቴ ሾርባውን ትቀዳለታለች። ልማድ ሆኖባት «ይብ…» ብላ ጀምራ ታቆማለች። ከዚያ ጎንበስ ትልና ጆሮው ስር ቀስ ብላ፦

«ብላ፣ አባባ።»

ሰምቷታል። ፊቱ ላይ አይቻለሁ። እሱ ግን መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ወደ እሷ ዘንበል ይላል።

«አልሰማሁም ልጄ» ይላል። «እስቲ ድገሚልኝ።»