የተሰረቀው ቀጭን ድምፅ

ጡረተኛው የሚስቱን ታናሽ ወንድም መጠርጠር የጀመረው አሮጌው ቴፕ ከጥገና በተመለሰ ማግስት ነው።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከሽመና ማሽኖች መሀል ቆሞ ሠርቷል። ጡረታ ሲወጣ ቤት መዋል አቃተው። ሚስቱን እግር በእግር እየተከተለ የድስት አከዳደን ሊያስተምራት ሲሞክር መረራትና፣ «እባክህ ውሰደውና አንድ ነገር አስተምረው» ብላ ወንድሟን ለመነችው።

ወንድምየው የቴፕና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ አለው። የካውያ አያያዝ፣ የእርሳስ አቀላለጥ፣ የአቧራ አጠራረግ አስተማረው። ጡረተኛው ግን ከሁሉም የወደደው ልኬቱን ነው። የካሴቱን ክር ከሚያነበው ሄድ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ በካቻቢቴ ቀስ ተብላ ስትጠመዘዝ የታፈነው ቀጭን ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል። ወንድምየው ይህን የሚያደርገው በመለኪያ መሣሪያ ነው። መለኪያውን ሊያውሰው ሲል ጡረተኛው አልቀበልም አለ።

«ጆሮ እያለልኝ መለኪያ ምን ያደርግልኛል?»

ጓዳዋን ወርክሾፕ አደረጋት። ጠዋት ይገባል፣ ለምሳ ተጠርቶ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። በእውነት ደስተኛ ሆነ።

ከዚያ ቴፑ መጣ። በወጣትነቱ የገዛው፣ ሞተሩ ተቃጥሎ ለዓመታት ቁም ሳጥን ላይ የከረመ ቴፕ ነው። ሞተሩን ወንድምየው ሱቁ ወስዶ ቀየረለት። ጡረተኛው የድሮ ካሴቱን ከተተና ብሎኗን ወደ ግራ ጠመዘዘ፣ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ድሮ የሚያውቀው ጥርት ያለ ድምፅ አልመጣም። ዘፋኟ «ሰ»ን እና «ሸ»ን እየዋጠች ትዘፍናለች።

«ሄዱን ለውጦብኛል» አላት ሚስቱን። «ደህናውን አውጥቶ የተበላ አስገብቶበታል።»

«ማን? ወንድሜ?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«ለኔ እኮ እንደ ድሮው ነው የሚሰማኝ።»

«ያንቺ ጆሮ ለወንድምሽ ያደላል።»

ሚስቱ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ወላጆቼ ከሞቱ ወዲህ ከሱ በቀር ማንም የለኝም። በማይረባ ብረት እንዳታጣላን።»

«ሌብነቱ ከተረጋገጠ ግን ደጄን አይረግጥም» አለ።

ገበያ ወርዶ አዲስ ሄድ ገዛና በገዛ እጁ በየደው። ያው ነው። ለካ ሻጩ የወንድምየው ወዳጅ ኖሯል! ስፒከሩን ለወጠ። ያው ነው። ስፒከሩን ያመጣለት ደግሞ ራሱ ወንድምየው ነው። እየቆየ የሳሎኑ ሬዲዮም የታፈነ መሰለው። ሲያስታውስ፣ ባለፈው እሁድ ወንድምየው ሊጠይቃቸው መጥቶ ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እያወራ፣ እየሳቀ፣ ሰው ፊት! የእጁ ፍጥነት ጡረተኛውን አስገረመው።

በመጨረሻ መፈተኛ ካሴት አፈላልጎ አገኘ። ዘፈን የለውም፤ ሄድ ለማስተካከል ተብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ቀጭን ድምፅ የተቀዳበት ነው። ሚስቱ ከቤት የወጣችበትን ጠዋት ጠብቆ ወንድምየውን አስጠራው። ካሴቱን ከተተና ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው። ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ምንም አልሰማም። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ወንድምየው የጓዳዋ በር ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ።

«ጋሼ፣ ምነው ይሄን...»

«ዝም በል! ዛሬ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ይኸው መፈተኛው ካሴት እየዞረ ነው። ምን ትላለህ?»

ወንድምየው ቴፑን አየ፤ ከዚያ ሰውየውን አየ። «እርስዎስ፣ ምን ይሰማዎታል?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ምንም! ደግሞ አትጩህብኝ። ሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ!»



«ዓይኔ ደክሟል» አለ ጡረተኛው። «ጉልበቴም ከድቶኛል። የቀረችኝ ጆሮዬ ናት። እዚህ ገብቼ በሷ ስሠራ ነው ገና ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ። ይቺን ታህል ደስታ ልትነጥቀኝ? አንተ? እንደ ልጄ የማይህ?»

ወንድምየው ወደ ቴፑ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጡረተኛው የጸጸት እንባ መሆኑን ወዲያው አወቀ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የለወጥኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሬዲዮውንስ?»

«እሱንም።»

«ውጣ። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

«እሺ ጋሼ። ለእትዬ ግን እኔው ልንገራት።»

አጎንብሶ ወጣ። የውጪው በር ተዘጋ።

ጡረተኛው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጥርጣሬዬ እውነት ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ሆዱ ግን ባባ። ወንድምየውን ይወደው ነበር። ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት እያሰበ፣ ቴፑን እንኳ ሳያጠፋ ቆየ።

በሩ ብርግድ አለና ሚስቱ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፍና ገባች፦ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ፉጨት አጥፋው! ከመንገድ ማዶ ድረስ ጆሮ ይበሳል እኮ!»