በግራ እጅ የሚጠረግ እንባ

እድሩ ወደ ኦንላይን ጌም ከተዛወረ ወዲህ፣ ለቅሶ መድረስ ማለት ጌሙ ውስጥ ያለው ድንኳን ገብቶ መቀመጥ ሆኗል። የቀረ ይቀጣል። ናሁሠናይ ደግሞ በሰው ፈንታ ጌም የሚጫወት ኮድ መጻፍ ከድሮም ይወዳልና፣ ለጨዋታ ያህል አንድ ቦት ሠራ። ቦቱ በተጠቃሚው ስም ድንኳን ይገባል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል፣ እንባውን ይጠርጋል። የሰፈሩ ሰው ሲለምነው ለሁሉም በነፃ አደለ። አንዲት ስህተት ብቻ ነበረችው፤ እንባውን የሚጠርገው ሁልጊዜ በግራ እጁ ነው።

"ለቅሶ ላይ ማን እጅ ያያል?" ብሎ ሳያስተካክላት ተዋት።

አባቱ የተቀበሩ ዕለት የጌሙ ድንኳን ጢም ብሎ ሞላ። የእድሩ ሊቀመንበር "እንዲህ የደመቀ ለቅሶ አይተን አናውቅም" ብለው ጻፉ።

"አየህ፣ ሰው እንዴት እንደሚወድህ!" አለችው ሚስቱ ትርሲት፣ ከኋላው ቆማ ስክሪኑን እያየች።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ግራ እጁን አንስቶ እንባውን ጠረገ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ትርሲት ወንበር ፍለጋ ተሯሯጠች፤ እንግዳ ከቀረ ቆይቷልና ቤቱ ውስጥ ናሁሠናይ ከተቀመጠበት ወንበር ሌላ አልነበረም። ናሁሠናይ ተነስቶ የራሱን ሰጣቸው።

አልተቀመጡም። አንገታቸውን ደፍተው፣ "ይቅርታ ልጄ" አሉት፤ "ያቺ የሰጠኸኝ ነገር እምቢ ብላኝ ነው በእግሬ የመጣሁት።"