የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ

ዓይኑ አያይም። የሕግ መጻሕፍቱን አምስት ዓመት ሙሉ ጮክ ብላ ያነበበችለት ሚስቱ ትርንጎ ናት። በሕግ ዲግሪውን ያዘ፤ የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውንም አለፈ። ዛሬ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ፈቃዱን ሲቀበልም ክንዱን ይዛ ወደ መድረኩ የመራችው እሷው ነበረች።

ቤት ገብተው እንደተቀመጡ፣ «የመጀመሪያ ባለጉዳይህ እኔ ልሁን?» አለችው።

ከልቡ ሳቀ። «እሺ እመቤቴ! ማንን ነው የምንከሰው?»

«አንተን» አለችው። «ያለ እኔ ጥረህ ግረህ ማደር እስክትችል ነበር የጠበቅኩት። አሁን ፍቺ እፈልጋለሁ፤ ማመልከቻውን አንተው አዘጋጅልኝ።»

ቀልድ መስሎት ፊቷን ሊዳስስ እጁን ዘረጋ። ጉንጯ በእንባ ርሶ ነበር።