ቬሎው አይዋሽም

«ትንፋሽሽን ዋጪ አልኩሽ» አለች እናት፣ የሴት ልጇን ቬሎ ዚፕ በሁለት እጇ ወደ ላይ እየሳበች። ዚፑ ወገብ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ወንድ ልጇ ሄልሜቱን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። በሞተር ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሾፌር ጋር ተሰዳድቦ የሚገባበት ቤት ደግሞ ይኸው ነው።

«አየህ ያንተን መርፌ?» አለችው።

«የኔ አይደለም። የሐኪሙ ነው።»

«ጎትቶ የወሰዳት ማን ነው?»

እሱ ነው። እህቱ ታጭታለች፤ እጮኛዋ የሚሠራው ሌላ አገር ስለሆነ ከሠርጉ ማግስት ይዟት ይበራል። ልክሳ ብላ መቀመጫ መቆሚያ ስታሳጣው ክሊኒክ አደረሳት። ሐኪሙ ገና ከመጀመሪያው ነግሯታል፦ መርፌው ተአምር አይሠራም፣ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፣ ለሠርጉ ሌላ ሰው እሆናለሁ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ስለዚህ ቬሎው ሐኪሙ በገመተው ልክ፣ ትንሽ ብቻ ጠበብ ተደርጎ ተሰፋ።

እናት አቧራ እንዳይነካው ብላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን ከደረቷ አትለየውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አውጥታ ታለብሳታለች። ዚፑ ግን እንቢ ነው። እንዲያውም ያለፈው ሳምንት ከዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

እህትየው ቬሎውን ስታወልቅ፣ ከጣቷ እንዳይወልቅ ክር የጠመጠመችበት ቀለበቷ ዳንቴሉን ያዘው። በንዴት መነጨቀችው።

«በቃኝ» አለች። «ነገ እደውልለታለሁ። በዚህ ገላ ሰው ፊት አልቆምም። ሠርጉ ይቅር።»

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እኔማ ምን ቸገረኝ። እሷ ከሄደች ከዚህ ሞተር ጋር ተፋጥጬ ልቀር አይደል? ለሷ ብዬ ነው እንጂ። አንተ ግን ልጄን ውሃ እያስወጋህ አዋረድካት።»

«እማዬ፣ ሚዛኑ ላይ እኮ ቀንሳለች።»

«ሚዛኑም የነሱ፣ መርፌውም የነሱ። ቬሎው ግን የኛ ነው። አይዋሽም።»

ነገሩ ከነከነው። መርፌውን ከፋርማሲ የሚያመጣው እሱ ነው፤ መቀዝቀዝ ያለበትን ነገር ሞተሩ ሳጥን ውስጥ ፀሐይ መትቶት ይሆን? እህቱን ከኋላው አፈናጦ ወደ ክሊኒኩ ነዳ። ድሮ እሷን ሲጭን የሚያቃስተው ሞተር ዳገቱን ዝም ብሎ ወጣው። ዘይት መቀየሬ ጠቀመ፣ አለ በሆዱ።

ሐኪሙ መዘናት። «እንደነገርኩሽ ነው እየሄደ ያለው። ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሹ የታለ?» አለ ሞተረኛው። «ቬሎው እኮ አልገባትም።»

«እኔ የማክመው ሰው ነው። ቬሎ አላክምም።»

ሊማታ ምንም አልቀረው። እህቱ እጅጌውን ይዛ አወጣችው።

ቤት ሲደርሱ እናቱን «ለምን ስፌቱን አናስለቅቀውም?» አላት።

«ጠይቄያለሁ። ትርፍ ጨርቅ የለውም ብላለች ልብስ ሰፊዋ። ይልቅ ሂድና ሞተርህን እጠብ።»

ቬሎው አልጋው ላይ እንደተጣለ ነው። እናት ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ፣ ጠቅልሎ የሞተሩ ሳጥን ውስጥ ከተተውና ከነፈ።

ልብስ ሰፊዋ ስፒል በከንፈሯ እንደነከሰች ቬሎውን ገለበጠችው። በሁለቱም ጎን ውስጡ ታጥፎ የተደራረበውን ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰች።

«እትዬ፣ እባክዎ ትንሽም ቢሆን ይልቀቁት» አላት። «እህቴ በዚህ ምክንያት ሠርጉን ልትሰርዝ ነው።»

ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ትክ ብላ አየችው።

«እናንተ ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርስ ተስማሙ» አለችው። «እናትህ ልጄ ከሳች፣ ሰፋት እያለች በየሳምንቱ አምጥታ ታስጠብበኛለች፤ ቅድምም ደውላ ሰኞ ደግሞ አመጣዋለሁ ብላኛለች።»