ተፍኪ ደርሶ መልስ

ከሮም የማራቶን ድል ወዲህ ሰበታ ውስጥ ሯጭ ነኝ የማይል ጎረምሳ አልነበረም። አሥራት ግን ከአፉ ይልቅ እግሩን የሚያምን ሰው ነበር። ቀን በአቶ ወንዳፍራሽ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል፤ ማታ ይሮጣል።

አንድ የጦር ሠራዊት አሰልጣኝ ሲሮጥ አይተውት «እሑድ ለሯጮች ምርጫ ጃንሜዳ ና» አሉት። «ግን በፊት ብቻህን ከሰበታ ተፍኪ ደርሰህ ተመለስ። ካልቻልክ አትልፋ። ከቻልክ ቃልህ ይበቃኛል።»

ወፍጮ ቤቱ ፈቃድ የሚሰጠው ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ለቀብርና ለኮሶ። አሥራት የሚቀብረው ሰው አላገኘም።

«ጌታዬ፣ ነገ ኮሶ ልጠጣ ነው።»

«ባለፈው ወር ጠጥተህ የለም እንዴ?» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

«ትሉ አልበገር አለኝ።»

«ዋሽተህ ባገኝህ ይህን ወፍጮ ቤት ዳግመኛ አትረግጠውም። እስቲ ማል!»

«ማርያምን!»

ምሳ ያመጣችለት እህቱ ድንቅቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይናፋር ከመሆኗ የተነሳ ዶሮ እንኳ «እሽ» ብላ አታባርርም። ምሳውን አስቀምጣ ሹልክ አለች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የአብሽ ውኃውን አቀረበችለት። አብሽ በማር ለሯጭ ጉልበት ነው ይባላል። አሥራት እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«እህህ! ማሩ አለቀ እንዴ?»

ድንቅቱ መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች። «ጋሼ፣ ዛሬ ብትተኛ አይሻልም?»

«ዛሬ ካልሮጥኩ መቼ ልሮጥ ነው?»

ደጅ ሲወጣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ቁምጣውን አዩና «ወይ እግር! የሚዳቋ እኮ ነው!» አሉ። እትፍ እትፍ ሳይሉ ገቡ። አሥራትን ቅር አለው። የወይዘሮ ጠጅቱ ዓይን ከባድ ነው ይባላል።

ከከተማዋ ሳይርቅ ሆዱ አጉረመረመ። ትንሽ ቆይቶ አፉ ምራቅ ሞላ። «በላችኝ ሴትዮዋ!» አለ በልቡ። ግን አልቆመም።

ኦቦ ቀጄላ የሚባሉ ገበሬ አህያ እየነዱ አገኙት።

«አካም ጂርታ!» ብለው ሰላም አሉት። «ሌባው ነህ ወይስ የተሰረቀው?»

«ሯጭ ነኝ፣ አባባ።»

«መሮጥህንማ አየሁ። የሚያባርርህ የት ቀረ?»

አሥራት መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ወዲያው ዘጋው። ወደ ጥሻው ገባ። ሲወጣ ሽማግሌው በሳቅ አህያቸውን ተደግፈው ነበር።

«አሁን ገባኝ!» አሉ። «የሚያባርርህስ ሆድህ ውስጥ ነው ያለው!»

ተፍኪ ሲደርስ ሰማዩና ሜዳው ቦታ ተለዋውጠውበት ነበር። ግድግዳ ተደግፎ አሰበ። አሰልጣኙ ቃሉን ነው የሚጠይቁት። ደርሼ ተመለስኩ ብሎ መዋሸት ይቻላል። ግን በዚህ ሳምንት አንድ ውሸት ይበቃዋል። ፊቱን ወደ ሰበታ አዞረ።

መንገዱን አጋምሶ ከኋላው የመኪና ድምፅ ሰማ። የአቶ ወንዳፍራሽ ላንድሮቨር ነው፤ ከተፍኪ ጤፍ ጭኖ ይመለሳል። አሥራት ዘሎ ጥሻ ውስጥ ገባ። መኪናው ቆመ።

«አሥራት! ኮሶ የጠጣ ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ለዚህ ጉዳይ ሰበታ ውስጥ ጥሻ ጠፋ?»

ከአሥራት አፍ ሆዱ ቀደመ፤ ለአቶ ወንዳፍራሽ እስኪሰማ መለሰላቸው። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላቡ ተንቆርቁሮ ብቅ ሲል የጌትየው ቁጣ በረደ።

«አይ ልጄ! ይሄስ አንጀት የሚያወጣ ኮሶ ነው። ና ግባ፣ ላድርስህ።»

ከገባ ሩጫው አበቃ።

«መኪናዎን እንዳላበላሽብዎ፣ ጌታዬ።»

አቶ ወንዳፍራሽ በሩን ከከፈቱበት ፍጥነት በላይ ዘጉት። መኪናው አቧራውን አልብሶት ሄደ።

አሥራትን ያን ጊዜ ከሆዱ ይልቅ ያመመው የሰውየው ርኅራኄ ነበር። ነገሩም ተገለጠለት። የጠጅቱ ዓይን አይደለም። ማርያም ናት። በሐሰት ኮሶ ብሎ ስለማለባት ያልጠጣውን ኮሶ ሕመም ልካበታለች። ይቅርታ እየለመነ ሮጠ፤ መሮጥ ሲያቅተው ሶመሶመ፤ ጥሻ ባየ ቁጥርም ተሳለመ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰበታ ገባ። ቤቱ የዶሮ ወጥ ይሸታል።

«ምን በዓል ነው?» አለ መደቡ ላይ እየተዘረጋ።

ድንቅቱ እግሩን ልታጥብ ውኃ አቀረበች።

«ደርሼ ተመለስኩ፣ ድንቄ። እሑድ ጃንሜዳ እሄዳለሁ።» እግሩን ወደ ውኃው ሰደደ። «ነገ ግን ለአቶ ወንዳፍራሽ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

ድንቅቱ እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ። «ያባርሩሃል!»

«ያባርሩኝ። በማርያም በሐሰት ምዬ እንዴት እንጀራቸውን እበላለሁ? ዛሬ እንዴት እንደቀጣችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ድንቅቱ ዓይኗን ከእግሩ ሳትነቅል፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ፣ «ጋሼ፣ በሐሰት አልማልክም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ጠጥተሃል።»